አል-መቅሪዚ፦ የካይሮ ገበያ ተቆጣጣሪና የመዳብ ገንዘብ ዘመን



በዚህ ዓምድ እስካሁን በአብዛኛው የሐዲስና የፊቅህ ዑለማዎችን ታሪክ ስናነብ ቆይተናል። የዛሬው ሰው የታሪክ ጸሐፊ ናቸው። የኢፋት ሱልጣኖችን ታሪክ ያገላበጠ ሰው አል-መቅሪዚ የሚለውን ስም ሳያገኝ አያልፍም፤ ስለ ሌላው ሥራቸው ግን ብዙ አናወራም። እኔ በዚህ እትም የማነሣቸው ገንዘብ ሲበላሽ የሰው ምግባር አብሮ እንዴት እንደሚበላሽ፣ ዳቦ ጋጋሪው የሚገረፍበት ጥፋት ሹሙን እንዴት እንደሚያበለጽገው በዘመናቸው አስተውለው ስለጻፉ ነው።

ተቂዩዲን አሕመድ ኢብን ዐሊ አል-መቅሪዚ በ766 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 1364) በካይሮ ከተማ፣ በርጀዋን በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። መቅሪዚ የሚለው መጠሪያ ቤተሰባቸው ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው ከበዕለበክ ሰፈር የመጣ ነው። የእናታቸው አባት ሸምሱዲን ኢብኑ ሳኢግ የታወቁ የሐነፊ መዝሀብ ዓሊም ስለነበሩ አል-መቅሪዚ በልጅነታቸው የተማሩት በዚሁ መዝሀብ ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ፣ በወጣትነታቸው፣ ወደ ሻፊዒይ መዝሀብ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ በሐነፊዎች ላይ ምላሳቸው ስለት ነበረው ይባላል፤ ይህ ለጊዜው አይመለከተንም።

የተወለዱባት ካይሮ ታላቁ ወረርሽኝ በ1348 ካጠቃት ገና ብዙ ዓመት ያልራቀች፣ ወረርሽኙም በየጊዜው እየተመላለሰ የሚያጭዳት ከተማ ነበረች። ገዢዎቹ መምሉኮች ናቸው፤ በልጅነታቸው በባርነት ተገዝተው፣ በውትድርና ሠልጥነው፣ ኋላ አሚርና ሱልጣን የሚሆኑ ሰዎች። ከእነዚህ አንዱ ሱልጣን በርቁቅ ነው። በእርሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1382፣ ኢብን ኸልዱን ከቱኒስ ተነሥተው ወደ ግብፅ መጡ። ወጣቱ አል-መቅሪዚ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ኢብን ኸልዱን ግፍ የአገርን ልማት እንደሚያፈርስ፣ ወርቅና ብርም የሀብት ሁሉ መለኪያ እንደሆኑ ያስተምሩ ነበር። መምህሩ ይህን እንደ ጠቅላላ ሕግ ነው የተናገሩት። ተማሪው በገዛ ከተማቸው፣ በስም፣ በሹመትና በሚዛን ለክተው አዩት።

አል-መቅሪዚ በመንግሥት የጽሕፈት ቤት ሠርተዋል፤ በዐምር ኢብኑል ዓስ መስጂድና በሱልጣን ሐሰን መድረሳ ኹጥባ አድርገዋል፤ በአል-ሓኪም መስጂድ ኢማም ነበሩ። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሹመቶቻቸው ሁሉ የሚበልጠው በ801 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1399) ሱልጣን በርቁቅ የካይሮ ሙሕተሲብ አድርጎ የሾማቸው ነው።

ሙሕተሲብ ማለት የገበያ ዐይን ማለት ነው። ሚዛንና ስፍር ይፈትሻል፣ ዱቄት ላይ ገለባ የሚቀላቅለውን ይይዛል፣ የዳቦን ክብደት ይለካል፣ የወተት ሻጩንና የሥጋ ሻጩን ይጠይቃል። ያጭበረበረውን ያስገርፋል፤ አለዚያም ጥፋቱ እየተለፈፈ በገበያ መሀል እንዲዞር ያደርገዋል። ሥራው በቀጥታ ከሱረቱል ሙጠፊፊን የተቀዳ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ለራሳቸው ሲሰፈርላቸው ሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቀው ሱራ የሙሕተሲቡ የሥራ መመሪያ ነው። ሱራው የሚነቅፈው ሌብነትን ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሁለት መስፈሪያ መያዙን ነው፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለሰው።

አል-መቅሪዚ በዚህ ሹመት የቆዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ቦታቸውን በድሩዲን አል-ዐይኒ ወሰዱት፤ እኚህም በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ማብራሪያቸው የምናውቃቸው ታላቅ ዓሊም ናቸው። ሁለቱ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተዋደዱም። ከዚያ በኋላም አል-መቅሪዚ ወደ ሒስባው ተመልሰው ተሹመዋል፤ ደግሞም ተነሥተዋል። ያን ጊዜ ሹመት እንዲህ ይገለባበጥ ነበር፤ ምክንያቱም ዋጋ ነበረው። አል-መቅሪዚ ራሳቸው እንደጻፉት በዘመናቸው ሚኒስትርነትም፣ ቃዲነትም፣ የአውራጃ ገዢነትም፣ ሙሕተሲብነትም ብዙ ገንዘብ ሳይከፈል የሚገኝ አልነበረም። ሰጪውም ተቀባዩም በሐዲስ የተረገሙበት ጉቦ በቤተ መንግሥት በይፋ የታወቀ የአሠራር ደንብ ሆኖ ነበር። የአንዲት ዳቦ ክብደት ጎደለ ብሎ ጋጋሪውን የሚያስገርፈው ሹም ጅራፉን ራሱ በጉቦ የገዛው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጋጋሪውም ይህን ያውቃል። ገበያተኛውም ያውቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። በሸሪዓ ሒሳብ፣ በዘካም ሆነ በመህር፣ በዲያም ሆነ በንግድ፣ መለኪያው የወርቅ ዲናርና የብር ድርሃም ነበር። ከእነዚህ በታች ፈልስ፣ በብዙ ቁጥር ፉሉስ፣ የሚባል የመዳብ ሳንቲም ነበር። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሁሉ ፉሉስ ማለት ገንዘብ ማለት መሆኑን ሰምቷል። ሳንቲሙ ግን ሲጀመር ገንዘብ ተብሎ አይቆጠርም ነበር፤ ጨውና ጎመን የሚገዛበት መልስ ነው።

ይህ ሳንቲም በግብፅ እንዴት እንደተጀመረ አል-መቅሪዚ የሚተርኩት ታሪክ አለ፤ ለእኔ ከመጽሐፋቸው ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሱልጣን አል-ካሚል ዘመን፣ በ622 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1225)፣ አንዲት ሴት አቡ ጣሂር አል-መሐሊ የተባሉትን የሚስር ኸጢብ ልትጠይቅ መጣች። ጥያቄዋ የምትጠጣው ውሃ ሐላል ነው ወይ የሚል ነበር። ውሃ የሚያመላልሰው ሰው የአቁማዳውን ውሃ በግማሽ ድርሃም ይሸጥላታል። እርሷ ያላት አንድ ሙሉ ድርሃም ነው፤ እርሱ ደግሞ የግማሽ ድርሃም መልስ በብር ይሰጣታል። ታዲያ በአንድ ድርሃም ብር ውሃና ግማሽ ድርሃም ብር መግዛቷ አይደለምን? ብር በብር ሲለወጥ እኩል ካልሆነ የሪባ ጥርጣሬ ይገባበታልና። ኸጢቡ ነገሩ ከበዳቸው፤ ለሱልጣኑ ነገሩት፤ ሱልጣኑም ለመልስ የሚሆን የመዳብ ሳንቲም እንዲቀረጽ አዘዘ።

እንግዲህ ፉሉስ የአንዲት አላህን የምትፈራ ሴት ጥንቃቄ ልጅ ነው። ሰባት ትውልድ ሳይሞላ ያ ሳንቲም የከተማዋን ድኾች የሚያስርብ መሣሪያ ሆነ። ጥንቃቄውን የጀመረችው ውሃ ቀጂ ከፋይ ናት፤ ትርፉን ያጋበሱት ግን የሱልጣን ሹሞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በበርቁቅ ዘመን የሱልጣኑን ቤት ገቢና ወጪ የሚያስተዳድረው ኡስታዳር መሕሙድ ኢብን ዐሊ የሚባል ሰው ነበር። መዳብ ርካሽ ነው፤ በላዩ የሱልጣን ማኅተም ሲመታበት ግን ዋጋው ከመዳብነቱ በላይ ይሆናል። መሕሙድ ይህን ትርፍ ወደደው። ከፍረንጆች አገር መዳብ በብዛት አስመጣ፤ በእስክንድርያ ተጨማሪ ገንዘብ መቅረጫ ቤት አቋቋመ፤ ፉሉሱ ገበያውን አጥለቀለቀው። የብር ድርሃሙ ቅርጸት በዚያው ተወ። ያለው ብር ግማሹ ቀልጦ ጌጥና የፈረስ እቃ ሆነ፣ ግማሹን የፍረንጅ ነጋዴዎች ይዘውት ሄዱ። ሰው ሁልጊዜ ጥሩውን ገንዘብ ይደብቃል፣ መጥፎውን ያወጣል። መሕሙድም ኋላ ሀብቱ ተወርሶ በእስር ሞተ፤ ፉሉሱ ግን እርሱን ተከትሎ አልሄደም።

ጥቂት ቆይቶ መዳቡ ከመብዛቱ የተነሣ በቁጥር መቀበል ቀረና በሚዛን ሆነ፤ አንድ ረጥል ፉሉስ በስድስት ድርሃም ይታሰብ ጀመር። ልብ በሉ፤ ድርሃም የሚለው ስም አልጠፋም። ዕቃ ሁሉ በድርሃም ይጠራል፣ ደመወዝ በድርሃም ይጻፋል፣ ዕዳ በድርሃም ይዋዋላል፤ በእጅ ግን ድርሃም የለም፤ ያለው በጆንያ የሚሸከሙት መዳብ ነው። እኛም አገር ጠገራ ብር ከገበያ ከወጣ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ ወረቀቱን ግን እስከ ዛሬ ብር እንለዋለን። ስም ከነገሩ በላይ ዕድሜ አለው። የካይሮው ችግር ግን ስሙ በመቆየቱ ብቻ አልነበረም፤ በስሙ ተሸፍኖ ሰው ከሰው ላይ መውሰዱ ነበር። በብር ድርሃም አበድሮ የመዳብ ድርሃም የሚመለስለት ሰው ስንት ተመለሰለት? ይህ ጥያቄ ፉቀሃኡን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ኢማም አስ-ሱዩጢ ገንዘብ ሲለወጥ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል የተለየ መልእክት ጽፈውበታል።

በ806 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1403 እስከ 1404) የዓባይ ሙላት ጎደለ። እህል ጠፋ፤ ረሀቡን ወረርሽኝ ተከተለው። የወርቁ ዲናር ምንዛሪ በፉሉስ ድርሃም ሲቆጠር ከ100 በላይ ወጣ። ሰዎች ይህን የመሰለ መከራ በግብፅ ምድር ሆኖም አያውቅ፣ ማለቂያም የለው ይሉ ጀመር። አል-መቅሪዚ መልስ ጻፉ። ኢጋሰቱል ኡማ ቢከሽፊል ጉማ ይባላል፤ ጭንቀቱን ገልጦ ሕዝቡን መርዳት ማለት ነው። ትንሽ መጽሐፍ ናት። በ808 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1405) ሙሐረም ወር፣ በአንዲት ሌሊት አሰናድተው እንደጨረሷት ራሳቸው መዝግበዋል።

መጽሐፏ በመጀመሪያ በግብፅ የደረሱትን የቀድሞ ረሀቦች ትቆጥራለች፤ በፋጢሚዩ ኸሊፋ በአል-ሙስተንሲር ዘመን የሆነውን የሰባት ዓመት መከራ ጨምሮ። ዓላማው አንባቢውን ማጽናናት አይደለም። ከዚህ የባሰ ረሀብ ነበረ፣ አለፈም፤ የአሁኑ ለምን አያልፍም ለማለት ነው። መልሳቸው አጭር ነው፤ የዓባይ መጉደል የአላህ ሥራ ነው፣ ዓባዩ ከሞላ በኋላ የቀጠለው ረሀብ ግን የሰው ሥራ ነው።

ሦስት ምክንያት ያስቀምጣሉ፤ አንደኛውን የጥፋቱ ሥር ይሉታል። እርሱም ሹመት በጉቦ መገዛቱ ነው። ሹመቱን የሚፈልገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተስማማበት ገንዘብ በእጁ የለውም። ይበደራል። ለልብሱ፣ ለፈረሱ፣ ለአጃቢዎቹም ይበደራል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አበዳሪዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ስለዚህ ከበታቹ ያሉትን ይጨምቃል፤ እነርሱም በፈንታቸው ከበታቻቸው ያሉትን፤ በመጨረሻ ሸክሙ ገበሬው ጫንቃ ላይ ያርፋል፤ ገበሬው መሬቱን ጥሎ ይጠፋል። ሁለተኛው ምክንያት የእርሻ መሬት ኪራይ በአሚሮች ወኪሎች ዓመት ከዓመት መናሩ ነው። ሦስተኛው ፉሉስ ነው። እነዚህ ሦስቱ ተለያይተው የሚቆሙ አይደሉም፤ ገንዘብ መቅረጫውን የያዘው ሰው ወንበሩን የገዛው ሰው ነው፤ መሬቱን የሚያከራየውም ወንድሙ ነው።

ከዚያ ሕዝቡን በሰባት ከፍለው የእያንዳንዱን ሁኔታ ያሳያሉ፤ የመጽሐፏ ምርጥ ክፍል ይህ ይመስለኛል። የመንግሥት ሰዎች ገቢያቸው በቁጥር የጨመረ ይመስላቸዋል፤ ይሁንና የሚገዙት ሁሉ ተወዷልና ጭማሪው ስም ብቻ ነው። ትልልቅ ነጋዴዎች አንድ ዕቃ በእጥፍና በሦስት እጥፍ ሸጠው አተረፍን ይላሉ፤ በተገኘው ፉሉስ ለቤታቸው ልብስና ቀለብ ሊገዙ ሲወጡ ግን ትርፉ ውሃ ይበላዋል። ባለሱቁ ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል። ገበሬው አብዛኛው ወድሟል፤ መሬቱ ውሃ ያገኘለት ጥቂቱ ብቻ በእህል ውድነት በልጽጓል። ሠራተኛና ባለሙያ ክፍያው ቢጨምርለትም የጨመረለት የሥራ ጓዶቹ በረሀብና በወረርሽኝ ስላለቁ ነው። ለማኙ በረሀብና በብርድ ሞቷል።

አምስተኛውን ክፍል ሆን ብዬ ለመጨረሻ ያቆየሁት የእኛ ክፍል ስለሆነ ነው፤ ፉቀሃእ፣ የዒልም ተማሪዎችና ቋሚ ደመወዝ ያላቸው ሰዎች። የእነዚህ ገቢ በወቅፍ ሰነድ ላይ በቁርጥ ድርሃም የተጻፈ ነው። ቁጥሩ አልተነካም፤ ማንም አልሰረቃቸውም፤ ፊርማቸውን አኑረው በየወሩ ሙሉውን ይቀበላሉ። የሚገዛው ዳቦ ብቻ ነው የጎደለው። አል-መቅሪዚ ስለ እነዚህ ሲጽፉ ወይ የሞቱ ወይ ሞትን የሚመኙ ብለው ነው የሚገልጿቸው። ሌባ የሌለው ስርቆት እንዲህ ያለው ነው። ዳቦውን ያሳነሰ ጋጋሪ በገበያ ሲዞር ሕዝብ ይሰድበዋል፤ የሚሊዮኖችን ድርሃም ያሳነሰው ሰው ግን በጁሙዓ ኹጥባ ስሙ እየተጠራ ዱዓ ይደረግለታል። ሙሕተሲቡ ጋጋሪውን መያዝ ይችላል። የገንዘብ መቅረጫውን ሚዛን ለመፈተሽ ግን ማንም አልላከውም።

የደመወዙ ነገር ወደ ምግባር የሚሻገረውም እዚህ ላይ ነው። በደመወዙ መኖር ያቃተው ምስክር ምስክርነቱን ይሸጣል። አል-መቅሪዚ በታላቁ የካይሮ ታሪካቸው፣ በአል-ኺጠጥ፣ የኡስታዳሩን የጀማሉዲን ዩሱፍን ሥራ ሲተርኩ ይህን እናያለን። ጀማሉዲን ያማረ ወቅፍ ቤት ካየ ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ቤቱ ጎረቤትንና መንገደኛን የሚጎዳ መሆኑን፣ በሌላ ቢለወጥ እንደሚሻል ይመሰክራሉ፤ ቃዲውም መለወጡን ይፈርዳል። በወረቀት ላይ አንድም የሸሪዓ ሥርዓት አልተጓደለም። እንዲህ በተሰበሰበ ሀብት መድረሳ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ በ1408 ተከፈተ፤ ውስጡ ፊቅህ ይቀራበት ነበር። በዓመቱ ሱልጣን ፈረጅ ጀማሉዲንን ገደለው፤ ከዚያም ስሙ ከግድግዳው ተፍቆ የሱልጣኑ ስም ተጻፈበት። ለዚህም የሚፈርዱ ቃዲዎች አልጠፉም።

ሁሉን በእሳቸው ዐይን ብቻ ማየት ግን ተገቢ አይደለም። በዚያ ዘመን የብር እጥረት የግብፅ ብቻ አልነበረም፤ በአውሮፓም ብር ጠፍቶ ነበር። ወረርሽኙ ሕዝቡን ስለቀነሰው እርሻውና ቀረጡ ተዳክሟል። የዛሬ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች አል-መቅሪዚ የሹሞችን ስግብግብነት አጉልተው ከአቅማቸው በላይ የሆነውን አሳንሰዋል ብለው ይተቻሉ። መፍትሔያቸውም ወደ ወርቅና ብር እንመለስ፣ ፉሉስ ለጥቃቅን ግዢ ብቻ ይሁን የሚል ነበር፤ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ግን በቂ መልስ አልሰጡም። እኔ ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም ብር ማጠሩ መዳቡን በትርፍ ማጥለቅለቅን አያስገድድም፤ ጉቦንም አያስገድድም።

ሌላም ነገር አለ። አል-አውሐዲ የተባሉ ጎረቤታቸውና ጓደኛቸው የካይሮን ታሪክ ሲያሰናዱ ኖረው በ811 ዓ.ሒ ሞቱ፤ ረቂቃቸው አል-መቅሪዚ እጅ ገባ። አስ-ሰኻዊ ኋላ አል-መቅሪዚ ይህን ረቂቅ ወስደው የራሳቸው አደረጉት ብለው ከሰሱ። ብዙዎች ይህን እንደ ተቀናቃኝ ወሬ ሲያልፉት ኖረዋል። በዘመናችን ግን ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ቦደን በአል-አውሐዲ እጅ የተጻፉ የረቂቁን ገጾች በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መጻሕፍት ለይተው ክሱ መሠረት እንዳለው አሳዩ። አል-መቅሪዚ ስለ ጓደኛቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክ ከረቂቁ መጠቀማቸውን አልካዱም፤ በአል-ኺጠጥ ላይ ግን ስማቸውን አላነሡም። በሰው ሚዛን ላይ ይህን ያህል የተናገሩ ሰው ናቸውና ይህን ሳይነግሩ ማለፍ ለእሳቸው የተለየ ሚዛን መያዝ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በደማስቆ ቆዩ፤ አስተማሩ፣ የኑሪ ሆስፒታልን ወቅፍ አስተዳደሩ። ሱልጣን ፈረጅ የደማስቆ ቃዲነት ቢያቀርብላቸው እምቢ አሉ። ወደ ካይሮ ተመልሰው ሱልጣን አል-ሙአየድ ሸይኽ በነገሠ ጊዜ ነገር የሚሻሻል መሰለ፤ ሱልጣኑ በ818 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1415) አዲስ የብር ድርሃም አስቀረጸ። አል-መቅሪዚ ሹዙሩል ዑቁድ የተባለውን ስለ ገንዘብ ታሪክ የሚናገር መልእክታቸውን ያዘጋጁት ለዚህ ሱልጣን ነው፤ ሥራውንም አመስግነዋል። ይኸው ሱልጣን ግን ቀድሞ ታስሮ በነበረበት ወህኒ ቤት ቦታ ላይ መስጂዱን ሲያሠራ ትልቁን የነሐስ በር ከሱልጣን ሐሰን መድረሳ አስነቅሎ ነው የወሰደው። አል-መቅሪዚ ይህንንም ጽፈዋል፤ በዚያው መስጂድ ሐዲስ እንዲያስተምሩም ተሹመዋል።

እየቆዩ ከሹመት ሁሉ ራቁና ቤታቸው ገብተው መጻፍ ያዙ። ከልጆቻቸው አንዳቸውም ከእሳቸው በኋላ አልቆዩም። በዕድሜያቸው ማምሻ ወደ መካ ሄደው ለዓመታት ተቀመጡ፤ እዚያም ከአገራችን የመጡ ሙስሊሞችን እያገኙ ጠየቁ። በ839 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1435 እስከ 1436) አል-ኢልማም የተባለውን ስለ ሐበሻ ምድር የእስልምና ነገሥታት የሚናገር መጽሐፍ አሰናዱ። ስለ ወላስማ ሥርወ መንግሥት፣ ስለ ሐቁዲን፣ በዘይላዕ ስለተገደሉት ስለ ሱልጣን ሰዕዱዲን ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ከዚህች መጽሐፍ የመጣ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩትና ብዙ የቀዱባቸው አል-ዑመሪ በኢፋት ገበያ ከነጋዴዎች ጋር የሚመጣ የግብፅ ዲናርና ድርሃም ይሠራበት እንደነበር፣ በሐዲያ ደግሞ ሐኩና የሚባል የብረት ቁራጭ ገንዘብ እንደነበር መዝግበዋል። በካይሮ የሚቀረጸው ገንዘብ የእኛንም አያቶች እጅ ይነካ ነበር ማለት ነው።

አል-መቅሪዚ ወደ ካይሮ ሲመለሱ ሱልጣኑ በርስባይ ነበር። በርስባይ አሽረፊ የተባለ ጥሩ የወርቅ ዲናር አስቀርጿል፤ ይህ ይነገርለት። ይሁንና የቅመማ ቅመምና የስኳር ንግድን ለራሱ ጠቅልሎ ነጋዴው እርሱ በቆረጠው ዋጋ ብቻ እንዲገዛና እንዲሸጥ አስገድዶ ነበር። በ841 ዓ.ሒ (እ.ኤ.አ 1438) ወረርሽኝ እንደገና ገባ። ሱልጣኑ ቃዲዎችንና ዑለማዎችን ሰብስቦ አላህ ሰዎችን በወረርሽኝ የሚቀጣው በየትኛው ኃጢአት እንደሆነ ጠየቃቸው። አንዳንዶቹ ዝሙት ሲስፋፋ ነው፣ ሴቶች ተጊጠው ሌትና ቀን በገበያ ይዞራሉ አሉ። በሕዝብ ላይ የሚሠራ ግፍም ተነሥቶ ነበር። ሱልጣኑ የመጀመሪያውን መልስ መረጠ። ሴት በካይሮ ጎዳና እንዳትታይ ታወጀ፤ በወጡት ላይ ዱላ ወረደ። በርበሬና ስኳሩ በሱልጣኑ መጋዘን እንደተቆለፈ ቀረ።

አል-መቅሪዚ ይህን በአስ-ሱሉክ ላይ ሲመዘግቡ ውጤቱንም ጽፈዋል። የልብስና የሽቶ ነጋዴዎች ገበያቸው ተዘጋ። ባል የሞተባቸው፣ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሴቶች ከቤት መውጣት ስላልቻሉ ተራቡ። ወረርሽኙ አልቆመም። በርስባይ ራሱ በዚያው ዓመት ሞተ።

አል-መቅሪዚ ረሒመሁላህ በ845 ዓ.ሒ ረመዷን ወር (እ.ኤ.አ 1442 መጀመሪያ) በካይሮ አረፉ። የተቀበሩት ከባቡ-ነስር ውጭ ባለው የሱፊዎች መቃብር ነው፤ መምህራቸው ኢብን ኸልዱንም ቀድመው እዚያው ተቀብረው ነበር። ስለ ሐበሻ የጻፏት መጽሐፍ በ1790 በሆላንድ ላይደን ታተመች። ስለ ረሀቡ በአንድ ሌሊት የጻፏት መጽሐፍ ደግሞ በካይሮ የታተመችው በ1940 ነው።